ለአሮጌ ኮሮላ የሞተር ጌጅ በራሳችሁ ስሩ፦ የቴስታታ ሙቀት፣ የዘይት ግፊት እና ቮልት

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የሙቀት መርፌ ብቻ አምናችሁ አባይ በረሃ አትውረዱ። መውረዱስ ይሁን፣ ጉዱ ያለው ከድልድዩ ተነስቶ ወደ ደጀን መውጣቱ ላይ ነው፣ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ሰው እና እቃ ሞልቶ። ብዙ መኪና ላይ መርፌዋ አንዴ መሃል ከደረሰች ውሃው 80 ዲግሪ ሆነ 100 ሆነ ንቅንቅ አትልም። ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው እንደዛ ያረጋት፣ መርፌ ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ባለመኪናው ደንግጦ ጋራዥ እንዳይሮጥ። ስለዚህ ከመሃል ተነስታ ወደ ቀዩ ስትሄድ ያያችኋት ቀን ነገሩ አልፎ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ጋስኬት (በቴስታታው እና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ሄዶ ወይ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሞ። አዲስ አዲሶቹ ቪትዞች ላይማ ጭራሽ መርፌም የለ፣ ሰማያዊ መብራት፣ ቀይ መብራት፣ በቃ።

የዘይት መብራቷ ደግሞ ትብሳለች። ቶዮታ ላይ ያቺ ቀይ ጣሳ የምትበራው ግፊቱ ወደ 0.3 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲወርድ ነው፣ ማለትም ግፊት የለም በሚባልበት ሰዓት። በ3000 ዙር 3 ባር መስጠት የነበረበት ሞተር 1 ባር ቢሰጥ መብራቷ ድምጿን አጥፍታ ትቀመጣለች፣ ብሮንዚኖቹ (ክራንኩ የሚዞርባቸው ብረቶች) ግን እየተበሉ ነው።

እዚህ የምንሰራው ሶስት ነገር የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን ነው፣ የቴስታታ ሙቀት፣ የዘይት ግፊት እና የባትሪ ቮልት፣ አንዱ ከመስመር ሲወጣ የሚጮህ ባዘር ጭምር። ምሳሌ የማደርገው 4ኤ ኤፍኢ ሞተር ያለውን ኮሮላ ነው ምክንያቱም ከተማውን የሞላው እሱ እና ዘመዶቹ ናቸው፣ ግን አሰራሩ ለሃይሉክስም ለሚኒባስም ያው ነው፣ የሴንሰሩ ቦታ ብቻ ይለያያል። መኪናችሁ ኦቢዲ 2 ሶኬት (የሞተሩ ኮምፒውተር የሚነበብበት) ካለው በስልክ የሚነበበውን ብሉቱዝ ኢኤልኤም 327 ገዝታችሁ የውሃ ሙቀት እና ቮልት በአምስት ደቂቃ ማየት ትችላላችሁ፣ እሱን አልቃወምም። የዘይት ግፊት ግን አይሰጣችሁም፣ የድሮ ኮሮላ ደግሞ ሶኬቱም የለው።

ውሃ ወይስ ብረት?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ከላይኛው የራዲያተር ጎማ ላይ ቆርጦ ሴንሰር ያለው የአልሙኒየም ቱቦ መሃል ማስገባት ነው። ይሰራል። ግን አስቡት፣ እኛ ሃገር ሞተር የሚያቃጥለው ውሃ ማነሱ ነው፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ፣ የደከመ ክዳን። ውሃው ሲያልቅ ያ ሴንሰር አየር እና እንፋሎት ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ እና ቴስታታው እየነደደ ስክሪኑ ላይ 85 ሊያሳያችሁ ይችላል። በጣም በምትፈልጉት ሰዓት የሚዋሽ ጌጅ ከሌለ ጌጅ ይከፋል። ሌላም አለ፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፍት ድረስ በላይኛው ጎማ ውሃ እንደልብ ስለማይሄድ ጠዋት ጠዋት ንባቡ ከሞተሩ ወደኋላ ይቀራል።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ብረቱን መለካት ነው። ቴስታታው ላይ በታሰረ ትንሽ ቦሎን ስር ሴንሰሯን ማሰር፣ አለቀ። ውሃ ኖረም አልኖረም ብረቱ ሲግል ታያላችሁ፣ ጎማ አትቆርጡም፣ የሚያፈስ ነገር አትጨምሩም። ጉድለቱ የምታዩት ቁጥር የውሃው ሙቀት አለመሆኑ ነው፣ ከውጭ ያለ ቦሎን ንፋስ ስለሚያገኘው ከውሃው የተወሰነ ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ይሄ ችግር አይደለም፣ ምክንያቱም እኛ የምንፈልገው ከትናንቱ ስንት ጨመረ የሚለውን ነው።

ምን ትገዛላችሁ

አርዱይኖ ናኖ አንድ፣ ኮድ የሚጫንባት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ናት። ኮፒውም ይበቃል። ባለ 0.96 ኢንች ኦሌድ ስክሪን፣ አራት እግር ያለውን የአይስኩዌርሲ አይነት። ኤልኤም 2596 የሚባለው ቮልት ማውረጃ ሞጁል። ለሙቀት የ3ዲ ፕሪንተር ቴርሚስተር (ሙቀት ሲለወጥ ኦሟ የሚለወጥ)፣ 100 ኪሎ ኦም፣ ቤታ 3950 የሚለውን፣ የብርጭቆ ጠብታ የምትመስለዋን። እሷን የመረጥኩት ከ250 ዲግሪ በላይ ስለምትችል ነው፣ ርካሾቹ ውሃ የማያስገቡ የፕላስቲክ ፕሮቦች ሽቦአቸው ሞተር ላይ ይቀልጣል።

ለዘይት ባለ ሶስት ሽቦ የግፊት ሴንሰር፣ ከ0 እስከ 100 ፒኤስአይ (ሌላው የግፊት መለኪያ፣ 14.5ቱ 1 ባር ነው)፣ በ5 ቮልት የሚሰራ እና ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት የሚያወጣ። እነዚህን ኦንላይን አዛችሁ ወይ ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ በእጅ አስመጥታችሁ ነው የሚቀለው፣ እዚህ ስትፈልጉ የምታገኙት ብዙ ጊዜ አንድ ሽቦ ያለውን የድሮ የጭነት መኪና አይነት ነው፣ እሱም ይሰራል ግን ማስተካከሉ ራስ ምታት ነው።

ከዛ ትናንሽ ነገሮች፦ 4.7 ኪሎ ኦም፣ 10 ኪሎ፣ 30 ኪሎ እና 1 ኪሎ ሬዚስተር፣ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ሶስት፣ 1ኤን 4007 ዳዮድ፣ ባለ 24 ቮልት ቲቪኤስ ዳዮድ፣ 2ኤን 2222 ትራንዚስተር፣ ባዘር፣ 1 አምፒር ፊውዝ ከነቤቱ፣ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ሽቦ እና በላይተር የሚኮማተር ሽፋን። ለዘይቱ የሚያስፈልገውን ሆዝ እና ቲ (ባለ ሶስት አፍ መጋጠሚያ) ቦታው ላይ እነግራችኋለሁ።

ኮድ መጻፍ የማይታሰብ ከሆነባችሁ አቋራጭ አለ፣ ደብሊው 1209 የሚባል ዝግጁ ቴርሞስታት ሞጁል፣ በ12 ቮልት ይሰራል፣ ቁጥር ያሳያል፣ ካስቀመጣችሁት ዲግሪ ሲያልፍ ሪሌው ይዘጋል እና ባዘር ያስጮሃል። እስከ 110 ብቻ ነው የሚያነበው፣ ከሱ በላይ የሚያሳያችሁ ነገር የለም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

የሙቀት ሴንሰሯን መስራት

ኬብል ጫፍ ላይ የሚገባውን የመዳብ ቀለበት ውሰዱ፣ ቀዳዳው ለምታስሩበት ቦሎን የሚሆን፣ 6 ወይ 8 ሚሊ። ሽቦ የሚገባበት ቱቦው ውስጥ ነው ቴርሚስተሯ የምትተኛው። መጀመሪያ ሁለቱን ቀጫጭን እግሮቿን በቴፍሎን ቱቦ ለየብቻ አልብሱ፣ እስከ ብርጭቆዋ ድረስ፣ ምክንያቱም አንዱ እግር መዳቡን ከነካ ነገር ሁሉ ይበላሻል። ከዛ ቢያንስ 200 ዲግሪ የሚችል ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ቀላቅላችሁ ቱቦውን ሙሉ፣ ብርጭቆዋን አስገቡ፣ አየር እንዳይቀር በጥርስ መጎርጎሪያ ነካ ነካ አድርጉ እና ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ቱቦውን በፒንሳ መጭመቅ የለም፣ ብርጭቆዋ ትፈረካከሳለች። በማግስቱ በመልቲሜትር ለኩ፣ በሁለቱ እግሮች መሃል በክፍል ሙቀት ወደ 100 ኪሎ ኦም፣ በእግሩ እና በመዳቡ መሃል ምንም።

አያያዙ እንዲህ ነው፣ ከአርዱይኖው 5 ቮልት 4.7 ኪሎ ሬዚስተር ይነሳና ኤ0 (ከአርዱይኖው የንባብ እግሮች አንዱ) ላይ ይደርሳል፣ ከኤ0 ቴርሚስተሯ ወደ ኔጌቲቭ። ከኤ0 ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ 100 ናኖ ካፓሲተር፣ የካንዴላ ሽቦ ጩኸት እንዲቀንስ። የሴንሰሯን ሁለቱንም ሽቦ እስከ አርዱይኖው ድረስ አምጡ፣ ኔጌቲቩን ሞተሩ ላይ በማሰር አታሳጥሩት፣ ሞተሪኖ እና ዲናሞ የሚጎትቱት ከረንት ንባቡን ያንቀጠቅጠዋል።

ለምን 4.7 ኪሎ? ቴርሚስተሯ 100 ኪሎ የምትሆነው በ25 ዲግሪ ነው፣ ሞተር ስትሞቅ ግን ወደ 7 ኪሎ ትወርዳለች፣ ሬዚስተሩ ለዛ ቅርብ ሲሆን ነው ከ80 እስከ 120 ያለው ሰፋ ብሎ የሚነበበው። አርዱይኖው ከ0 እስከ 1023 ነው የሚቆጥረው፣ እና የምትጠብቁት ቁጥር ይሄ ነው፦

25 ዲግሪ 977
50 ዲግሪ 904
80 ዲግሪ 747
90 ዲግሪ 680
100 ዲግሪ 611
110 ዲግሪ 542
120 ዲግሪ 475

በአንድ ዲግሪ ወደ 7 ቁጥር ይንቀሳቀሳል፣ በቂ እና ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ማመሳከሪያው። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም የፈላ ውሃ 100 ነው ይላችኋል፣ እነሱ ባህር ጠረፍ ላይ ናቸው። አዲስ አበባ 2300 ሜትር ምናምን ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ100 ካስተካከላችሁት ጌጁ እድሜ ልኩን 8 ዲግሪ አብልጦ ያነባል። ግምቱ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ መቀነስ ነው፣ ስለዚህ ባህር ዳር እና ሃዋሳ ወደ 94፣ ድሬዳዋ ወደ 96፣ ደብረ ብርሃን ወደ 90 ተኩል። ድስት ውስጥ ውሃ ጣዱ፣ ጀበና አይሆንም አፉ ጠባብ ነው፣ ሲንተከተክ ቀለበቱን ታች ብረቱን ሳታስነኩ አንጠልጥሉ እና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ወደ 667 ማየት አለባችሁ። 660 ወይ 675 ካያችሁ ልዩነቱን ኮዱ ላይ ደምሩ ወይ ቀንሱ፣ በጣም ከራቀ ቴርሚስተሯ የተባለችው አይነት አይደለችም ወይ ሬዚስተሩ ሌላ ነው።

የት ትታሰር? 4ኤ ላይ ቴስታታው ላይ ሞተር ሲወጣ ሰንሰለት የሚያዝበት ማንጠልጠያ ብረት አለ፣ የሱን ቦሎን ፍቱ እና ቀለበቱን ከቦሎኑ ራስ ስር አድርጋችሁ መልሱ። ቦታው ከጭስ ማውጫው ራቅ ያለ እና ፋኑ በቀጥታ የማይነፋበት ቢሆን ጥሩ። ቴስታታውን ራሱን ብሎኩ ላይ የያዙትን ረጃጅም ቦሎኖች በምንም ተአምር እንዳትነኩ፣ እነሱ በልክ እና በተራ የተጠበቁ ናቸው፣ አንዱን ካላላችሁ ጋስኬት ጠራችሁ።

የዘይት ግፊት፣ እዚህ ጋ አትቸኩሉ

ከሶስቱ አደጋ ያለው ይሄኛው ብቻ ነው። ሙቀቱ ቢበላሽ ቁጥር ይጠፋል፣ የዘይቱ ቲ ከተሰበረ ግን ዘይቱ በደቂቃ ውስጥ መንገድ ላይ ያልቃል፣ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ከተረጨ ደግሞ እሳት ነው።

የፋብሪካው የዘይት ስዊች አብዛኛው ጊዜ ዘይት ፊልተሩ አካባቢ ብሎኩ ላይ ነው ያለው፣ አንድ ሽቦ ብቻ ገብቶበታል፣ ብዙውን ጊዜ 24 ቁጥር ረጅም ቡሽላ ይፈታዋል። የቶዮታ ጥርስ 1/8 ቢኤስፒቲ ነው፣ ኦንላይን የምትገዙት ሴንሰር ደግሞ 1/8 ኤንፒቲ። ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፣ አንዱ በኢንች 28 ጥርስ ሌላው 27 ነው ያለው። ሁለት ዙር በእጅ ይገባል ከዛ ይከብዳል፣ ጋራዥ ውስጥ ይሄኔ አንዱ ይመጣና "ኧረ ግፋው ይይዛል" ይላችኋል። አትግፉ፣ ብሎኩ ላይ ያለው ጥርስ ከተበላ ጣጣው ሌላ ነው። ከሁለቱ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር አዳፕተር ከሴንሰሩ ጋር አብራችሁ እዘዙ፣ ካጣችሁ ደህና ቶርኖ ቤት ከብረት ይቀርጽላችኋል፣ የድሮውን ስዊች እና አዲሱን ሴንሰር ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው ነገር፣ ቲውን ብሎኩ ላይ በቀጥታ አስራችሁ በሱ ላይ ሴንሰሩን እና ስዊቹን አታንጠልጥሉ። የነሐስ ቲ አንገቱ ቀጭን ነው፣ ሞተር ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደቱ እያወዛወዘ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ትክክለኛው አሰራር ብሎኩ ላይ አዳፕተር ብቻ፣ ከሱ በብረት የተጠለፈ የዘይት ሆዝ፣ ግማሽ ሜትር ይበቃል፣ ሆዙ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቲው፣ ቲው ደግሞ በላሜራ ብራኬት ከመኪናው ቦዲ ጋር ይታሰራል። የፋብሪካው ስዊች ከቲው በአንዱ በኩል ይመለሳል፣ በሌላው ሴንሰሩ። የሃይድሮሊክ ሆዝ የሚሰሩ ቤቶች በልኩ ቆርጠው ጫፉን ይጨምቁላችኋል፣ ሶማሌ ተራ ስትጠይቁ ይመሯችኋል። የነዳጅ ጎማ በክላምፕ ማድረግ የሚባል ነገር እንዳታስቡ።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የፋብሪካው ስዊች ሽቦው አንድ የሆነው ማሳውን (ኔጌቲቩን) በጥርሱ በኩል ከብሎኩ ስለሚያገኝ ነው። ሆዝ ጫፍ ላይ ስታወጡት ማሳ ሊያጣ እና ቀይ መብራቷ ጭራሽ ላትበራ ትችላለች። ብራኬቱ ቦዲውን የሚነካበት ቦታ ቀለሙን ፋቁ፣ ከዛ ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሱ ቀይዋ መብራት መብራቷን እዩ። ካልበራች ከቲው ወደ ቦዲ አጭር ሽቦ ጨምሩ።

ቴፍሎን ከተጠቀማችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ባዶ ተዉ፣ የተበጠሰ ቴፍሎን ዘይት መሄጃ ውስጥ ከገባ ሄዶ ሄዶ ጠባብ ቦታ ይዘጋል። ፈሳሹ ማሸጊያ ይሻላል። እነዚህ ጥርሶች ሾጣጣ ስለሆኑ በሃይል ብዛት ሳይሆን በመጠን ነው የሚያሽጉት፣ በእጅ እስኪቆም፣ ከዛ በመፍቻ አንድ ወይ አንድ ተኩል ዙር።

ሽቦው፣ አብዛኛው ላይ ቀዩ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ፣ አረንጓዴው ምልክት ወደ ኤ1፣ ግን የሻጩን ወረቀት እዩ። ስሌቱ ቀላል ነው፣ 0 ግፊት ላይ 102 ታነባላችሁ፣ 100 ፒኤስአይ ላይ 921። ያነበባችሁት ሲቀነስ 102፣ በ100 ተባዝቶ ለ819 ሲካፈል ፒኤስአይ ይመጣል። ባር ከፈለጋችሁ ለ14.5 አካፍሉ። የዚህ ሴንሰር ደስ የሚለው ነገር ውሸት ሲናገር መታወቁ ነው፣ ከ50 በታች ካነበበ ሽቦ ተቆርጧል፣ ከ970 በላይ ከሆነ የሆነ ቦታ ተነካክቷል፣ ስክሪኑ ላይ 0 ከማሳየት ይልቅ "ሴንሰር" ብሎ እንዲጽፍ አድርጉት፣ ምክንያቱም 0 ያየ ሰው መሃል መንገድ ላይ ነው ሞተር የሚያጠፋው።

ለማነጻጸሪያ የ4ኤ ኤፍኢ ፋብሪካ ቁጥር፦ ሞተር ሞቆ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ቢያንስ 0.3 ባር፣ በ3000 ዙር ከ2.5 እስከ 5 ባር ገደማ ማለትም ከ36 እስከ 71 ፒኤስአይ። ስለዚህ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ 12 ፒኤስአይ አያችሁ ብላችሁ ሞተር ፍለጋ አትውጡ።

ቮልት እና መብራት

የባትሪውን ቮልት በቀጥታ አርዱይኖ ውስጥ ካስገባችሁ ይቃጠላል። ከ12 ቮልቱ 30 ኪሎ፣ ከሱ ቀጥሎ 10 ኪሎ ወደ ኔጌቲቭ፣ ከመሃላቸው ወደ ኤ2። እንዲህ ሲሆን ቮልቱ በ4 ተካፍሎ ይገባል፣ 14.4 ከሆነ 3.6። አርዱይኖው 5 ቮልት የሚለው ግን በእርግጥ 5 ላይሆን ይችላል፣ በመልቲሜትር ለክታችሁ 4.93 ከሆነ ኮዱ ላይ 4.93 ጻፉ። የሙቀቱ እና የዘይቱ ይሄ አይመለከታቸውም፣ እነሱ ከዛው 5 ቮልት ስለሚበሉ ሲወርድ አብረው ይወርዳሉ፣ ንባቡ አይቀየርም።

ለአርዱይኖው የሚሆነውን መብራት (ኤሌክትሪክ) የምትወስዱት ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚኖረው ፊውዝ ነው፣ ድሮ ኮሮላ ላይ ጌጅ የሚል ጽሁፍ ያለበት 10 አምፒር ፊውዝ አለ፣ እሱ ይሆናል። ተራው እንዲህ ይሁን፦ ፊውዝ ሳጥን፣ የራሳችሁ 1 አምፒር ፊውዝ፣ 4007 ዳዮድ፣ ቲቪኤሱ ወደ ኔጌቲቭ፣ ከዛ ኤልኤም 2596፣ ከዛ አርዱይኖው 5 ቮልት እግር። የመኪና መብራት እንደ ቤት አይደለም፣ ዲናሞ እየሞላ ባትሪ ካብል ብድግ ካለ ለቅጽበት በጣም ከፍ ያለ ቮልት ይወጣል፣ ቲቪኤሱ ለሱ ነው።

ኤልኤም 2596 ከካርቶን ሲወጣ 5 ቮልት ላይ አይደለም ያለው። አርዱይኖ ከማያያዛችሁ በፊት ባትሪ ላይ ሰክታችሁ መልቲሜትር ይዛችሁ ያቺን ትንሽ ቢጫ ቡሎን በካቻቢቴ አዙሩ፣ አስር ዙር ምንም ሳይቀየር ሊቆይ ይችላል አትደንግጡ፣ 5.0 ላይ ስትደርስ ጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉባት እንዳትዞር። ኮድ ስትጭኑ ደግሞ የመኪናውን መብራት ንቀሉ፣ ላፕቶፑ እና መኪናው አንድ ላይ አይሰኩ።

ኮዱ

አጻጻፉን የአርዱይኖ ምሳሌዎች ላይ ታገኙታላችሁ፣ ዋናው ሎጂኩ ነው። ለስክሪኑ የአዳፍሩት ኤስኤስዲ 1306 ላይብረሪ፣ ሽቦዎቹ ኤ4 እና ኤ5 ላይ። እያንዳንዱን ሴንሰር 16 ጊዜ አንብቡ እና አማካዩን ውሰዱ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ይጨፍራል። ለሙቀቱ ሎጋሪዝም ውስጥ አትግቡ፣ ከላይ ያለውን ሰንጠረዥ አስገቡ እና በሁለት ነጥብ መሃል ያለውን በቀጥታ መስመር አካፍሉት፣ የሚፈጠረው ስህተት አይታይም።

ባዘሩ ላይ ነው ማሰብ ያለባችሁ፣ ያለምክንያት የሚጮህ አላርም በሳምንቱ ሽቦው ይቆረጣል። ለዘይት፦ ቮልቱ ከ13.2 በላይ ከሆነ ሞተር ተነስቷል ማለት ነው፣ ያኔ ብቻ ግፊቱ ከ7 ፒኤስአይ በታች ለ3 ሰከንድ ከቆየ ይጩህ። ቁልፍ ከፍታችሁ ሬዲዮ ስትሰሙ አይረብሽም። ዲናሞው ከሞተ ግን በዚህ ስሌት የዘይት አላርሙም አብሮ ይተኛል፣ ስለዚህ አንዴ 13.2 ካለፈ ቁልፍ እስኪዘጋ ድረስ ተነስቷል ብሎ እንዲያስታውስ አድርጉት። ሞተሩ መሃል ላይ ቢጠፋባችሁ ቁልፉ እስኪዘጋ ይጮሃል፣ ይጩህ።

ለሙቀት ሁለት አላርም አድርጉ። አንዱ ቋሚ ቁጥር። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፣ ሞተር ከሞቀ በኋላ በ1 ደቂቃ ውስጥ 6 ዲግሪ ከጨመረ ይጩህ። ጎማ ሲፈነዳ ወይ ቀበቶ ሲበጠስ ቋሚው ቁጥር ላይ ሳይደርስ የሚነግራችሁ ይሄኛው ነው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ በየሰከንዱ ብልጭ የምትል ነጥብ ጨምሩ። አርዱይኖው ደርቆ 88 ላይ ተገትሮ ቢቀር ደህና ነኝ ብላችሁ ነው የምትነዱት፣ ነጥቧ ከቆመች ግን ታውቃላችሁ። ዋችዶግ ታይመሩንም አብሩት፣ ሲደርቅ ራሱን ያስነሳል። ባዘሩን በቀጥታ አርዱይኖው እግር ላይ ሳይሆን በ1 ኪሎ እና በትራንዚስተሩ በኩል አያይዙ።

መግጠም

ባትሪ ኔጌቲቩን ንቀሉ፣ ሞተር ቀዝቃዛ ይሁን። ሽቦዎቹ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚገቡት የፋብሪካው ሽቦ በሚያልፍበት ጎማ በኩል ነው፣ ላሜራ በስታችሁ ባዶውን አታሳልፉ፣ ጠርዙ ይቆርጠዋል። ከካንዴላ ሽቦ እና ከጭስ ማውጫ አርቁ፣ በየአንድ ስንዝሩ እሰሩ። የሴንሰር ሽቦ ሁለት ሜትር ቢሆን ግድ የለም፣ የስክሪኑ ሽቦ ግን ከ30 ሳንቲም አይለፍ፣ ከረዘመ ስክሪኑ ይደርቃል። ስለዚህ አርዱይኖውን ዳሽቦርድ ስር፣ ስክሪኑን የሲጋራ መተርኮሻው ኪስ ውስጥ ማድረግ ይመቻል፣ ማታ መስታወት ላይም አያንጸባርቅም።

ከዛ አስነሱ፣ እና ስክሪኑን ትታችሁ መጀመሪያ ቲውን እዩ። በነጭ ሶፍት እያንዳንዱን መጋጠሚያ ጥረጉ፣ ዙር ጨምሩ፣ እንደገና ጥረጉ። ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ድጋሚ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንት

የሙቀት አላርሙን ለጊዜው ከፍ አድርጉት፣ 115 ምናምን፣ እና መኪናውን በየእለቱ እንደምትነዱት ንዱ። ትራፊክ ላይ ቆማችሁ ስንት ነው፣ ፋኑ ሲነሳ ስንት ሲጠፋ ስንት፣ ኤሲ ሲከፈት፣ እንጦጦ ሲወጣ። የ4ኤ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 አካባቢ ነው፣ ፋኑ 93 ገደማ ይነሳል፣ ስለዚህ ብረቱ ላይ ቁጥሩ በነዚህ አካባቢ ሲወጣ ሲወርድ ታያላችሁ። ያያችሁት ትልቁ ጤነኛ ቁጥር 94 ከሆነ አላርሙን 103 ላይ አድርጉ። የኔን ቁጥር ወይ የጎረቤታችሁን አትውሰዱ፣ ቦሎኑ ሌላ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የ0.9 ባር ክዳን ያለው ጤነኛ ራዲያተር ንጹህ ውሃም ቢሆን እስከ 114 ገደማ ሳይፈላ ይይዛል፣ ክዳኑ ከደከመ ግን ያው ድስት ነው፣ 92 ላይ ይንተከተካል። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ የሚጨምር ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይ ክዳኑን ቀይሩ፣ ክዳኑን መጀመሪያ፣ ርካሹ እሱ ነው። ቆሞ የሚጨምር ሲነዳ የሚወርድ ከሆነ ፋን። ጠዋት 70 ላይ ቀርቶ የማይሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱን አንዱ መካኒክ አውጥቶ ጥሎታል፣ እዚህ ሃገር የተለመደ በሽታ ነው፣ መልሳችሁ አስገቡ።

ቮልቱ ሞተር ጠፍቶ 12.6፣ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4። ተነስቶ ከ13 በታች ከሆነ ቀበቶ ወይ ዲናሞ፣ ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

ዘይቱ ላይ ደግሞ ዘይት በቀየራችሁ ቀን ያለውን ቁጥር ጻፉ፣ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እና በ3000 ዙር። ዘይቱ ሲያረጅ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው፣ አዲስ ሲገባ ይመለሳል። አዲስ ዘይት ገብቶም ካለፈው ቅያሪ ጋር ሲነጻጸር ከወረደ ያኔ ጋራዥ የምትሄዱበት ነገር አለ፣ እና እዛ ስትደርሱ መጀመሪያ በሜካኒካል ጌጅ ያመሳክሩላችሁ፣ የናንተው ሴንሰር ሊሆን ይችላል የደከመው።